ባሕሩን የጋረደው መኪና

እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። አጎቴ ጋሽ ለማ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ከሥራ ኦፍ ወስጄ፣ ከምኖርባት ከሲታክ ከተማ ሦስት ሰዓት ነድቼ ውቅያኖሱ ዳር አደረስኳቸው። መንገዱን ሙሉ «ማዶው ጃፓን ነው፤ በዚህ በኩል ዓሣ ነባሪ ያልፋል» እያልኩ ስለፈልፍ ነበር። አሸዋው ላይ ፓርክ ሳደርግ ወረዱና ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው መኪናዬን ተደገፉ። «በል የካሜራው ፊልም ሳያልቅ አንሳኝ፤ ታርጋው ይታይ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ መኪናውማ ቤቴ በር ላይ ቆሞ የለም እንዴ! ዞር ብለው ባሕሩን ይዩ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። «ስድስት ዓመት ሙሉ የላክህልን ፎቶ ሁሉ መኪና ተደግፈህ ነው። ባሕር እንዳለ መች ነገርከን?»

ጥርሴን ነክሼ፣ ታርጋው እንዲታይ አድርጌ አነሳኋቸው።