ደረቱ ላይ የሰካው መርፌ

የጨርቅ መደብሩ ስልክ ሲጮህ፣ አይናዲስ በጎን ካለው ከባሏ ከእምሩ ልብስ ስፌት ቤት ሮጣ መጥታ አነሳችው።

— ሃሎ! … አዎ፣ አራዳ ነው። የሰፊው የእምሩ ሚስት ነኝ። አቶ ገብረዮሐንስ ነዎት፣ የፈረንጁ ሐኪም አስተርጓሚ? … ተመስገን! ሐኪሙ ምን አለ?

— አለ፣ በሕይወት አለ። ይናገራል እንጂ! ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። … መርፌው እንደ ተሰካ ነው። ውጭ የቀረው ክሩ ብቻ ነው። ልቡ በመታ ቁጥር ክሩ ብድግ ብድግ ይላል… እኔስ ማየት አቃተኝ።

— እንዴት ሆነ? ወንድሙ አጥናፉ ከጎጃም ገባ። እምሩ እንደ ልማዱ የካፖርት መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ሊቀበለው ተነሳ። ሰፊ ሁሉ እንግዳ ሲመጣበት የሚሰካው እዚያው አይደል? ያን ያህል ዘመን ተለያይተው ኖረው ደግሞ ቀስ ብለው ይተቃቀፉ? አጥናፉ እንደሆነ ሲያቅፍ አጥንት ይሰብራል፤ መርፌውን እስከ ልቡ አስገባው።

— እሺ… እሺ። ሐኪሙ እስኪደርስ ማንም አይንቀለው። ደረቱን ከፍቶ… ምን? ልቡን ይሰፋዋል? የሰው ልብ ይሰፋል እንዴ? … እሺ፣ እርስዎ ካሉ። በመኪና ወጥቷል? እግዜር ይስጥልኝ!

ወደ በሩ ዞረች።

— አጥናፉ! መርፌውን እንዳትነኩት ብለዋል! … ምን አልከኝ?

ወደ ስልኩ ስትመለስ ድምፅዋ አንሷል።

— አቶ ገብረዮሐንስ… ነቅሎታል። «በእኔ እቅፍ ተወግቶ ዝም ብዬ ልየው?» ይላል። … ኧረ አይቆጡ! ደህና ነው የወጣው፣ አልተሰበረም። ደም ጠብታ እንኳ የለም። … ሃሎ? ይሰሙኛል?

— ደሙ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው? ልቡን ከቦ ያፍነዋል? … ታዲያ ምን ላድርግ? እዚህ ጨርቅ ሞልቷል፣ ደረቱን ጥፍር አድርጌ ልሰረው? … አይረዳም። ውሃስ? … ምንም? ምንም አይባልም፣ አቶ ገብረዮሐንስ፤ ያስቡልኝ እንጂ! ሐኪሙ አሁን ድልድዩን አልፎ ይሆን? … እውነትዎን ነው፣ እርስዎ በምን ያውቃሉ።

— መጣሁ አልኩህ እኮ፣ አጥናፉ! … እምሩ እየጠራኝ ነው ይላል። እኔ ግን ድምፁ አይሰማኝም። ስልኩን ይዤ ልቁም ወይስ ልሂድ? … አቤት? … እጁን ያዢው?

— ይኸው ብቻ? … እሺ። በሉ ይዝጉት።