አፍ ሞልቶ የተወሰነ ጉዳይ

ሩቅያ የጥርስ መንቀያ ጉጠቶቹን ከፈላው ውሃ እያወጣች በነጭ ጨርቅ ላይ ትደረድራለች። ረዳቷ ተይሲር ከጎኗ ቆማ ታደርቃለች። የክሊኒኩ በር ክፍት ነው። ከበሩ ውጭ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ለዘመድ ሰርግ ከካርቱም ወደ ኮስቲ ከተማ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ያበጠ ጉንጫቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሩቅያ ገና ከግቢው ሲገቡ ማን እንደሆኑ አውቃለች። አንገቷን ግን ወደዚያ አላዞረችም።

«ዛሬ እንኳ አቧራው ቀለል ብሏል፣ አይደል ተይሲር? ትናንትማ ኮስቲ ሰው ከሰው አይተያይም ነበር... እናትሽ ጉልበቷን ተሻላት? እሰይ። ጉልበት ደግ ነው፣ በአገሩ የጤና ፖሊሲ ውስጥ ቦታ አለው። ዓይንም አለው፣ ኩላሊትም አለው። አፍ ብቻ ነው ውጭ የቀረው...

እኔ ማንንም አልወቅስም። እንዲያውም ያን የካርቱሙን የጤና ፖሊሲ ስብሰባ የመሩት ሰው እንዴት ያሉ ጨዋ መሰሉሽ። ዶክተራችን ነው የነገረኝ። የአፍ ጤና ፖሊሲው ውስጥ ይግባ፣ ልጆች በየትምህርት ቤቱ ጥርስ ማጽዳት ይማሩ፣ ከከንፈር ሥር የሚወሸቀው ትምባሆ፣ የቱምባክም ጉዳት ይነገር ሊል ስንት ተዘጋጅቶ ሄዶ ነበር። ሰብሳቢው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጉዳዩ ሊነሳ ሲል የቱምባክ ቆርቆሯቸውን ከፍተው ለሁሉም አዞሩ። ትልቅ ሰው ጋብዞ እምቢ ይባላል? ያውም እኛ አገር? ሁሉም ቆንጠር አድርጎ ወሸቀ። ዶክተራችንም። ከዚያ ‹የአፉን ነገር ለሌላ ጊዜ ብናቆየው የሚቃወም አለ?› አሉ። መትፊያ የለ፣ ምንጣፉ አዲስ... ማን አፉን ይክፈት? በአንድ ድምፅ ተወሰነ አሉ። ድምፁ ከየት መጥቶ እንደሆነ እንጃ።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ፖሊሲም አይገባም ለካ...»

ውጭ አግዳሚው ሲጢጥ አለ። ሩቅያ አንዷን ጉጠት ወደ ብርሃኑ አንስታ አገላብጣ አየቻት።

«አንቺም እኮ አረፍሽ ልጄ። ከመጪው ወር ጀምሮ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት መዞር ቀረ። ፖሊሲ ውስጥ የሌለ ነገር በጀት ከየት ያገኛል? ያቺ ፊቷ አብጦ የመጣችው፣ የአንደኛ ክፍሏ ሰልዋ... ስንት ጥርስ ነቀልንላት? እሷም ታርፋለች። ጥርስ የሌለው ሰው ምኑን ያመዋል? አየሽ፣ ሰውዬው ሁሉንም አስበውበታል።

እሳቸውንማ ጥርስ የሚደፍራቸው አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ሰው የሚያመው በፖሊሲ ነው። ፖሊሲው ውስጥ ካልገባ... እንዴት አድርጎ ያማል?»

እጇን ታጠበች። ጓንቷን ጣት በጣት አጠለቀች። ከዚያ ድምፅዋን እንደ ማር አለስልሳ፣ አሁንም ወደ በሩ ሳትዞር፣

«በይ ተረኛውን አስገቢልኝ» አለች። «የእኚያን ደግ ሰው ደግሞ፣ ባሉበት፣ አላህ ውለታቸውን አይርሳ። እሳቸው ለአገሩ አፍ ያሰቡትን ያህል፣ ለእሳቸው አፍ ያስብላቸው... ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። አሚን በይ እንጂ ልጄ።»