ሰዓት ጠጋኙና የእንደራሴው መዝገብ

ሰዓት ጠጋኙን የሰደበው የላይኛው ምክር ቤት እንደራሴ ነው። የሰደበውም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ላይ፣ በምክር ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ መተላለፊያ፣ የስብሰባ አዳራሹ በር ላይ፣ ሁለት ዘበኞችና ሻይ የያዘች አንዲት ሴት እያዩ ነው። «ይሄን ብሎን ለቃሚ ማን አስገባው? ከፊቴ አንሱልኝ!» አለው። ሰባት ቃል ናት። ደቂቃዋን ያወቀው በሙያው ምክንያት ነው፤ ሌላ ሰው ሲዋረድ መሬት መሬቱን ያያል፣ እሱ ግን እንደ ልማዱ ክንዱ ላይ ያሰረውን ሰዓት አየ።

ያን ዕለት የሄደው ለራሱ ብቻ ብሎ አልነበረም። የእጅ ሥራ ሱቆች ከመንገድ ዳር እንዲፈርሱ የሚያዝዝ ሕግ በታችኛው ምክር ቤት አልፎ ወደ ላይኛው መጥቷል ተብሎ፣ ሃያ ሦስት ባለ ሱቆች የፈረሙበትን አቤቱታ ይዞ ነበር። ማጉያ መስታወቱን ከአንገቱ ሳያወልቅ፣ ሽርጡን ሳይፈታ ነው የሮጠው። ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ፤ ዘበኛው ረገጠው። ሱቆቹ ግን ሳይፈርሱ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ሰዓት ጠጋኙ ጠይቆ አያውቅም። ስድቡ ልቡን ሞልቶት፣ ለሌላ ነገር ቦታ አልቀረውም ነበር።

እነሆ አሁን ያው ሕግ ስሙን ቀይሮ ተመልሷል። ምርጫም ደርሷል። እንደራሴው ለሦስተኛ ጊዜ ምረጡኝ ሊል ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈሩ አዳራሽ ይገኛል ተባለ። ለየሙያው አንድ ጥያቄ ብቻ ተፈቀደ፤ ሃያ ሦስቱ ሱቆችም «አንተ ጠይቅልን» ብለው ሰዓት ጠጋኙን መረጡ። እሱም ሦስት ቀን ተቀምጦ አራት ገጽ ጻፈ። ዓርብ ረፋድ ላይ ሊያስተይበው ወደ ጽሕፈት ቤት ጎራ ሲል፣ ወረፋ ይዛ የቆመች የእህቱን ልጅ አገኘ። ልጅቷ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው የምትሠራው።

«ጋሼ! እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ ቤት?»

«ከዛሬ። ነገ ለሚመጣው ሰውዬ ስጦታ ቢጤ አዘጋጅቼለታለሁ።»

ተቀብላ አነበበች። አንደኛውን ገጽ ገለጠች፣ ሁለተኛውን ገለጠች፣ አራተኛው ላይ ደርሳ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«ጥያቄው የት አለ?»

«የምን ጥያቄ?»

«አንድ ጥያቄ ነው የተፈቀደው ብላኛለች እማዬ። ይሄ እኮ ጥያቄ አይደለም፤ የሐሙስ ታሪክ ነው።»

«ሕዝቡ ይወቀው! ባለጌ ሰው ሕዝብ ይወክላል ወይ? ከዚህ ሌላ ምን ይጠየቃል?»

«ሥራው ይጠየቃላ።»

«የነሱ ሥራ ደግሞ ምንድነው፣ ወንበር ማሞቅ አይደል?»

«ስንት ቀን እንዳሞቀው ያውቃሉ?»

ሰዓት ጠጋኙ ወረቀቶቹን ከእጇ ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«ተቆጥሮ ተጽፏል እኮ ጋሼ። የመጣበት ቀን፣ የቀረበት ቀን፣ የተናገረው፣ የጠየቀው፣ ድምፅ የሰጠበት። እኛ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ማንም ገብቶ ማየት ይችላል።»

«እሱን የጻፈው የነሱው ጸሐፊ አይደለም? ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው ጽፈው!»

«ድምፁ የሚሰጠው ስም እየተጠራ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። በማግስቱ ጠዋት ለየአባሉ ይታደላል። ተቃውሞ ሳለ ደገፈ ተብሎ ቢጻፍ ዝም የሚል ይመስልዎታል? ደግሞ ተቃዋሚዎቹም እዚያው አሉ፤ አንዲት ስህተት ቢያገኙ ጣራውን ያስነሱት ነበር።»

«እሺ፣ እውነት ይሁን። እኔ የስድስተኛ ክፍል ሰው ነኝ፤ እሱን ሁሉ ጥራዝ ማን ያነብልኛል? እናንተ የተማራችሁት...»

«ጋሼ» አለች፣ ክንዱን ይዛ ከወረፋው እያወጣችው፣ «ጎረቤትዎ ሬዲዮ ማንን እንደሚመርጥ ያውቃሉ?»

ሬዲዮ የሚባለው ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላጩ ሊያርፍ ይችላል፣ ምላሱ ግን አያርፍም።

«እሱማ እንደራሴውን ነው። በልጁ ሠርግ ላይ ጨብጦት የለ! ከዚያ ወዲህ እጁን የታጠበም አይመስለኝ።»

«ሬዲዮ ስለጨበጠው ይመርጠዋል። እርስዎ ስለሰደበዎት ይጥሉታል። ሁለታችሁም ሰውዬው ወንበሩ ላይ ምን እንደሠራ አላያችሁም። ልዩነታችሁ ምኑ ላይ ነው?»

«ከሬዲዮ ጋር አንድ አደረግሽኝ!» አለ ሰዓት ጠጋኙ፤ ከሐሙሱ ስድብ ቀጥሎ የመረረው ይሄ ነው። «ከሬዲዮ ጋር!»

«ታዲያ ደንበኛ የሰዓት ፊት ሲያብረቀርቅ አይቶ ሊገዛ ሲል ምን ይሉታል?»

መልሱን አወቀው፤ መናገር ግን አልፈለገም። ለሠላሳ አንድ ዓመት ለስንቱ ደንበኛ «ጀርባውን ከፍተህ እይ» ሲል ኖሯል። በገዛ መሣሪያው እንደተያዘ ገባው። የተናቀ ሰው ለምክር ጆሮው ከባድ ነው፤ ምክሩ ሁሉ ሌላ ንቀት ይመስለዋል። ደግሞም ከታናሽ የመጣ ምክር ሲዋጥ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ቢሆንም ተከተላት።

የንባብ ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበርና አቧራ የጠጣ መጋረጃ ነበረው። ልጅቷ መሰላል ላይ ወጥታ ወፍራም ጥራዝ አወረደች። ከኋላ ሽፋኑ ላይ የአንባቢ ስም የሚመዘገብበት ካርድ ተለጥፏል፤ አንድም ስም የለበትም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አልነካውም?»

«እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ሰዓት ጠጋኙ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰካ። ልጅቷ አራቱን ዓምዶች በጣቷ አሳየችው፤ ደገፈ፣ ተቃወመ፣ ድምፀ ተአቅቦ፣ ያልተገኘ። ከዚያ ወዲያ ረዳት አላስፈለገውም፤ ከዚህ የጠበበ ቦታ ውስጥ ነው ዕድሜውን የፈጀው። ያቺን ሐሙስ ፈልጎ አገኛት።

«የሥራ ሱቆች ረቂቅ ሕግ ወደ ታችኛው ምክር ቤት እንዲመለስ የቀረበ ሐሳብ» እያለ ጮክ ብሎ አነበበ። «የድምፅ መስጫ ደወል የተደወለው አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት። በሩ የተዘጋው አራት ሰዓት ከሃያ። የደገፉ ሠላሳ ሰባት፣ የተቃወሙ ሠላሳ ስድስት። ረቂቁ እንዲመለስ ተወሰነ።» ጣቱ ቁልቁል ወረደች፤ የእንደራሴው ስም ላይ ስትደርስ ቆመች። ደገፈ ይላል።

መስመሩን ከስሙ እስከ ዓምዱ እንደገና በጣቱ ተከተለ።

«በአንድ ድምፅ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ደወሉን ሰምተውት ነበር?»

«ደወልማ ነበር። ጆሮዬ ሊቀደድ ነበር እኮ። ለሻይ የሚደወል መስሎኝ... ሴትዮዋ ሻይ ይዛ ነበራ።» ማጉያውን አወለቀ። «በሩ ላይ ቆሜበታለሁ ለካ። ለኔው ሱቅ ሊሮጥ ሲል፣ እኔው በሩ ላይ ተገትሬ አቤቱታ ላነብለት!»

«ሁለት ደቂቃ ነበረችው።»

«ታዲያ ምን ልሁን? ሄጄ እግሩን ልሳም?» አለና ድንገት ተቆጣ። «የቸኮለ ሰው ‹ይቅርታ› ማለትም ይችላል! አንድ ቃል ናት። እሱ ሰባት አወጣ!»

«ልክ ነዎት። ስድቡ ነውር ነው፤ ድምፁ አያጥበውም። ድምፁንም ስድቡ አያበላሸውም። ግን ገና አልጨረሱም። የቅርቡን ይዩ።»

ያለፉትን ሁለት ዓመታት ጥራዝ አወረደችለት። ሰዓት ጠጋኙ ሰዓት ሲፈታ እንደሚያደርገው ጥቃቅኑን ሁሉ እየለየ በቁራጭ ወረቀት መዘገበ። ሱቆችንና የሥራ ቦታን የሚነካ ድምፅ ሰባት ጊዜ ተሰጥቷል። እንደራሴው በሁለቱ አልተገኘም፤ በአምስቱ ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል።

«ተአቅቦው ምን ማለት ነው በትክክል?»

«አዳራሹ ውስጥ አለ፤ ግን አልደገፈም፣ አልተቃወመም።»

«እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር በይኛ!»

የቀሩትንም ዓመታት ጥራዝ አስወርዶ፣ እንደራሴው ጥያቄ ያቀረበባቸውን ጊዜያት ቆጠረ። በመጀመሪያው ዘመኑ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጠይቋል። በሁለተኛው ሦስት ጊዜ፤ ከሦስቱም አንዷ የአባላት መኪና ማቆሚያ ጠበበን የምትል ናት።

«ይሄ ሰዓት ድሮ ይሠራ ነበር» አለ ሰዓት ጠጋኙ፣ ጥራዙን እየዘጋ። «ቆሟል። ማንም ሳያየው ነው የቆመው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አፉን ሳይ፣ እጁ ኪሱ ገባ።»

እስክሪብቶ ለመነና በባዶው ካርድ ላይ ስሙን ጻፈ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሐሙሱን ነገር ሰዓት ጠጋኙ ያልነገረው ሰው ስለሌለ ሁሉም ትዕይንት ጠብቋል። ሬዲዮ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ፣ «ብሎን ለቃሚው! በርታ፣ ዛሬ እንባህን አብስ!» ሲለው ሰው ሳቀ። እንደራሴው ሸምግሏል፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። በግራ ኪሱ አራቱ ገጽ አለ፣ በቀኝ ኪሱ ቁራጭ ወረቀቷ። ተራው ደርሶ ሲነሳ እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ ግራ ነው። ልማድ ነዋ። የእህቱን ልጅ አየ፤ ቀጥሎ ሃያ ሁለቱን ባለ ሱቆች አየ፤ አንዳቸውም ስለ ሐሙስ ሊሰሙ አልመጡም፣ የመጡት ስለ ሱቃቸው ነው። እጁ ቀኝ ኪሱ ገባ።

«ክቡር እንደራሴ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሱቆቻችን ሕግ እንዲመለስ ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። ሕጉ በአንድ ድምፅ ተመልሷል፤ ስለዚህ እናመሰግናለን። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ስለ ሥራ ቦታ ሰባት ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ፣ ሁለቴ አልነበሩም፣ አምስቴ ኖረውም አልነበሩም። ጥያቄያችን፣ እጅዎን ምን ያዘው?»

እንደራሴው መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«መዝገብዎ ነው። የገጹን ቁጥር ጽፌ ይዣለሁ፤ ካስፈለገ አነባለሁ።»

እንደራሴው መጀመሪያ ስለ አገር ሁኔታ፣ ስለ ዓለም ገበያ ተናገረ። ሰው ግን ወረቀቷን ነው የሚያየው። መሐል ላይ አቋረጠና አንገቱን ደፋ።

«እውነቱን ልናገር። ያኔ ከወገኖቼ ተለይቼ ነው ድምፅ የሰጠሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከየኮሚቴው አገለሉኝ። ማንም ከሰፈራችን ‹አየንህ› ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ዝምታን ለመድኩ። የሚቆጥር ሰው ያለ አልመሰለኝም።»

«አሁንስ?»

«አንድ ጥያቄ ብቻ!» አለ ሰብሳቢው።

«ሌላ አይደለም፤ የዚያችው ጭራ ናት» አለ ሰዓት ጠጋኙ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«እቃወማለሁ» አለ እንደራሴው። «ሕጉ እንዳለ ከመጣ እቃወማለሁ።»

«ጸሐፊ፣ ይጻፍልን። ዕለቱም፣ ሰዓቱም።»

ተጻፈ። እንደራሴው በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተመረጠ፤ ሕጉም በአራተኛው ወር ለድምፅ ቀረበ። ሰዓት ጠጋኙ ጥራዙ ቤተ መጻሕፍት በደረሰ ዕለት ሄዶ ጣቱን ቁልቁል አወረደ፤ የእንደራሴው ስም ተቃወመ በሚለው ዓምድ ሥር ነው። ሱቆቹ ዛሬም አሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ከባለ ሱቆቹ አንዱ ተራ ገብቶ መዝገቡን ያነብና ለሌሎቹ ይነግራል። ሬዲዮ እንኳ ዝርዝሩን መስተዋቱ አጠገብ ለጥፎ ለሚላጨው ሁሉ ያውጃል፤ ለአንድ ጊዜ የሚያወራው ወሬ እውነት ሆነ። ያ ባዶ የነበረው ካርድ ሞልቶ ሌላ ተለጥፎበታል። ከዚህ የተገኘው ጥቅም ይሄ ነው፤ የሚቆጠርበት መሆኑን ያወቀ እንደራሴ እጁን ከኪሱ ያወጣል፣ የሚቆጥረውን ያወቀ ሕዝብም በጭብጨባና በስድብ አይነዳም። ወጪው የአንድ ረፋድ ንባብ ነው። አልችልም የሚል ሰው፣ የስድስተኛ ክፍሉ ሰዓት ጠጋኝ መቻሉን ያስብ።

ያን ቅዳሜ የሆነች አንዲት ነገር ግን ሳልናገር አልፌያለሁ። ስብሰባው ሲያበቃ ሰዓት ጠጋኙ የአዳራሹ በር ላይ ቆሞ የእህቱን ልጅ ይጠብቅ ነበር። እንደራሴው ከጓደኞቹ ተለይቶ መጣና እጁን ዘረጋለት፤ ሰዓት ጠጋኙም ጨበጠው።

«መልክዎ አዲስ አልሆነብኝም» አለው እንደራሴው፣ ትክ ብሎ እያየው። «ከዚህ በፊት የት ነው የተገናኘነው?»

ከኋላ የነበረው ሬዲዮ አፉን ከፈተ። ልጅቷም ደርሳ ከአጎቷ ጎን ቆመች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲወለወሉ የኖሩት ሰባቱ ቃላት እስከ ምላሱ ጫፍ ወጡ። ሰውዬው ስድቡን ረስቶታል። ጨርሶ ረስቶታል።

ሰዓት ጠጋኙ ክንዱን አየ። አሥር ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ ይላል። ከዚያ ለእንደራሴው ማለፊያ ይሆነው ዘንድ ከበሩ ላይ ዞር አለለት፤ መልስም ሳይሰጥ፣ አራቱ ገጽ ያሉበትን ግራ ኪሱን በእጁ እንደያዘ፣ ከልጅቷ ጋር መንገዱን ቀጠለ።