ማሽኑ ሲያቃስት

ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሆስፒታል የልምምድ ክፍል፤ ዶክተር ኪሩቤል አንጀትን በካሜራ ቱቦ መመርመር ከሚለማመድበት ማሽን አጠገብ ቅጽ ይዞ ቆሟል፤ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ውድነሽ እስክሪብቶዋን ከደረት ኪሷ አላወጣችም።

ኪሩቤል፦ ሃያ ጊዜ ተባለ፣ ሃያ ጊዜ ሠራሁ። አንድ ፊርማ እኮ ነው ሲስተር!

ውድነሽ፦ ለማሽን ቢሆን እስካሁን ፈርሜልህ ነበር። ነገ የሚተኛልህ ግን ሰው ነው።

ኪሩቤል፦ ፕሮፌሰሩ እንኳን “እጅህ ጥሩ ነው” ብለውኛል።

ውድነሽ፦ እስቲ አንዴ አሳየኝ።

ኪሩቤል፦ ሃያ አንደኛ? ይሁን እሺ። ይኸው ገባሁ... የአንጀቱ መታጠፊያ ጋ ደረስኩ። ምነው ዝም አለ? ሌላ ጊዜ እዚህ ጋ እንደ ታካሚ ያቃስት ነበር።

ውድነሽ፦ ቀጥል።

ኪሩቤል፦ ካላቃሰተማ አላመመውም። ትንሽ ልግፋ... ኧረ! ስክሪኑ ቀላ!

ውድነሽ፦ አንጀቱን በሳኸው።

ኪሩቤል፦ ድምፁን አጥፍተውት ነዋ! ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ተንኮል ነው?

ውድነሽ፦ ሃያውንም ጊዜ ከኋላህ ቆሜ አይቼሃለሁ። ዓይንህ ስክሪኑ ላይ ነው፤ የምትሠራው ግን በጆሮህ ነው። ሲያቃስት ታቆማለህ፣ ዝም ሲል ትገፋለህ።

ኪሩቤል፦ ሰውስ ቢሆን ሲያመው ይናገር የለ?

ውድነሽ፦ የነገው ታካሚ ማን ናቸው?

ኪሩቤል፦ አንድ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የመቶ አለቃ። ሆዳቸውን ስነካቸው “ተመስገን፣ ምንም አይል” ነው የሚሉኝ።

ውድነሽ፦ አየህ። የእኔ ባለቤት መምህር ነበር። ታሞ ይሄው ምርመራ ሲደረግለት፣ ቱቦውን የያዘው ሐኪም ድሮ ያስተማረው ልጅ ነው። “አመመዎት እንዴ ጋሼ?” ይለዋል። “ኧረ ምንም፣ ቀጥል” ይለዋል።

ኪሩቤል፦ ሲስተር... አላወቅሁም ነበር።

ውድነሽ፦ ወደ አልጋው ሲመልሱት ፊቱ አመድ መስሏል። “ለምን አልተናገርክም?” አልኩት። “ልጁ ይደነግጥብኛል ብዬ” አለኝ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ኪሩቤል፦ ሐኪሙስ?

ውድነሽ፦ ቀብሩ ላይ ከሁሉም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ያባበልኩት እኔ ነኝ።

ኪሩቤል፦ ...ቅጹን ይያዙልኝ።

ውድነሽ፦ ልፈርም?

ኪሩቤል፦ አይ፣ ይቅደዱት። የመቶ አለቃውን ነገ ሌላ ሐኪም ይያቸው። እኔ ከአንድ ልጀምር፤ ድምፁን ግን እንዳይከፍቱት።