"ወገቤን ነው" እያልኩ የከረምኩበት ወቅት

እሺ፣ አንዴ ጸጥ በሉልኝማ! ያንንም ማሽን አጥፉት፤ እትዬ ጥላን በጡረታ ስንሸኝ አንድ ቀን ባንሰፋ ድርጅቱ አይከስርም።

እትዬ ጥላ፣ ወደዚህ ስፌት ቤት የመጡ ቀን ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። እርስዎ ግን ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ገቡ። ጥበቃው፣ "እትዬ፣ ዝናብ የለም እኮ" ቢልዎት፣ "ፀሐይዋስ አትታይህም?" ብለውት አለፉ። ቅጽል ስምዎ እዚያው በር ላይ ወጣ። እውነተኛ ስምዎን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

ማንም እንዲጠጣበት የማይፈቅዱት ያ ኩባያዎስ! መካኒካችን አንድ ቀን ተሳስቶ ጠጣበት። እርስዎ ሳይቆጡ፣ "በል ያንተ ይሁን" ብለው ሰጡትና ሌላ ገዙ። ይሄ ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ስንቴ "እንደተሳሳተ" ሚስቱ ትመስክር፤ ቤታቸው ኩባያ ተገዝቶ አያውቅም!

የተማሪ ደንብ ልብስ ወቅት ሲደርስ ደግሞ፣ አለቃችን "ዛሬ እናመሻለን" ሲሉ፣ እርስዎ መቀስዎን ሰቅለው፣ "እኔ ካልተኛሁ ፊቴ ያኮርፈኛል" ይላሉ። እኛ ኩራት ነው እንል ነበር። "ጨርቅ መቁረጥ እንጂ ሰው መቅረብ አያውቁም" ያለም ነበር። እኔ አይደለሁም፤ እዚያ ጥግ የሚስቀው ነው።

አሁን ሳቁን ትንሽ ልተወው። የምናገረው ነገር ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ መቀመጥ አቅቶኝ ስነሳ ስቀመጥ የዋልኩበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። "ወገቤን ነው" እላችሁ ነበር፤ እናንተም ትራስ አመጣችሁልኝ። ወገቤን አልነበረም። ሄርፒስ የሚባል ቁስል ነበር። ቦታውን አልናገርም፤ የገባው ይግባው፣ ያልገባው ሚስቱን ይጠይቅ።

ሳላረግዝ በፊት ነው ሐኪም የነገረኝ። "ቫይረስ ነው፤ ይተኛል፣ ይነሳል እንጂ ጨርሶ አይወጣም" ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለባሌ አልተናገርኩም። ለእናቴም። እርግዝናዬን ለምትከታተለኝ አዋላጅ እንኳን አልነገርኳትም። መንገድ ላይ ሰው ባየኝ ቁጥር ያወቀብኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ተደግፌ ሳለቅስ እርስዎ አገኙኝ።

"ምን ሆነሻል?"

"ወገቤን ነው፣ እትዬ።"

"ወገቡን ያመመው ሰው እንዲህ አይሸማቀቅም። ንገሪኝ።"

መሬት መሬት እያየሁ ነገርኩዎት። ይሸሹኛል ብዬ ስጠብቅ በሩን ዘጉና፣ "የኔ ከንፈሬ ላይ ነው" አሉኝ።

አትደንግጡ፣ ዛሬ ጠዋት አስፈቅጃቸዋለሁ። "የራስሽን ከተናገርሽ የኔንም ጨምሪ፤ ከእንግዲህ ማን ያባርረኛል?" ነው ያሉኝ።

ያ ምች የምንለው የከንፈር ቁስል ለካ የዚሁ ዘመድ ነው። ፀሐይ ሲመታዎትና እንቅልፍ ሲያጡ ይነሳብዎታል። ጃንጥላው ለዚያ ነበር። ኩባያውም እኛን ከመጠየፍ ሳይሆን ለእኛ ከመስጋት ነበር። ቁስሉ ሲወጣ የልጅ ልጅዎን እንኳን እንደማይስሙ፣ ጨቅላ ሕፃን ከያዘው ክፉ እንደሆነ አጫወቱኝ። ከዚያ ዓይንዎ ሆዴ ላይ አረፈ።

"አዋላጇ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንቺ ደግሞ ለሁለት ነፍስ ነው የደበቅሽው።"

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቀው አብረውኝ ሄዱ። አዋላጇ ፊት ስቀመጥ ምላሴ እንደልማዱ "ወገቤን..." አለ። እርስዎ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ያኔ አወጣሁት። አዋላጇ አልደነገጠችም! "ጎሽ፣ እንኳን ሳትወልጂ ነገርሽኝ" አለች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን እንደሚታዘዝልኝ፣ ምጥ ሲመጣ ቁስል ካለ በቀዶ ሕክምና እንደምወልድ አስረዳችኝ። ገና ማሳከክና መለብለብ ሲጀምረኝ እንድመጣ፣ እስኪድን ከባሌ እንድርቅ፣ በደህናው ጊዜም ኮንዶም አደጋውን ቢቀንስ እንጂ ጨርሶ እንደማያጠፋው ነገረችኝ። "ባልሽም ይወቅ" አለች።

እሱ ከሁሉ ከበደኝ። ስነግረው ተነስቶ ወጣ። ብዙ ቀን ሳሎን ተኛ። ከዚያ አንድ ማለዳ ኪኒኑንና ውሃውን ይዞ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ልጄ በሰላም ተወለደች። ያቺ ከረሜላ አፏ ላይ ለጥፋ ጠረጴዛ ሥር የምትሽሎከለከለው ናት።

አልዋሻችሁም፤ ኀፍረቱ አልለቀቀኝም። አሁንም እስከ ጆሮዬ እየነደደኝ ነው፤ ነገ ዓይናችሁን እንዴት እንደማይ አላውቅም። ግን እትዬ ጥላ ዛሬ ይሄዳሉ። ከመካከላችን እንደኔ ጨንቋት ዝም ያለች ብትኖር ወደ ማን ትሂድ? ወደ እኔ ትምጣ። መስኮቱ አጠገብ ነው የምሰፋው። አብሬያት እሄዳለሁ።

እትዬ፣ እናቴ ያልሰማችውን ሰሙኝ፣ አልተጸየፉኝም። እግዜር ይስጥልኝ።

ምን አሉ? "በቃሽ፣ አስለቀስሽኝ"? እሺ፣ ጨረስኩ!

በሉ፣ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሱ። ጠዋት ለምን አረፈድሽ የሚል አለቃ አይኑርብዎት፤ ጉልበትዎ አይክዳዎት፤ የልጅ ልጆችዎን ወግ ማዕረግ ያሳይዎት። ለእትዬ ጥላ ዕድሜና ጤና!