ባዶ ነው የተባለው ጎጆ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ግብዣ ያዘጋጃችሁትን ሁሉ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ወንበር ከሦስት ክፍል ለቅማችሁ፣ ኬክ አስጋግራችሁ፣ ፕሮጀክተሩን ሳይቀር አስተካክላችሁ ነው የጠበቃችሁኝ። ያ ፕሮጀክተር በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ለእኔ ሥራ ተብሎ አንድ ቀን በርቶ አያውቅም። ለመሰናበቻዬ በርቷል። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ለስጦታውም አመሰግናለሁ። ባለመስታወት ትልቅ ሥዕል ነው፤ ከሥሩም «ለንስራችን» የሚል ተጽፎበታል። ልቤን ነክታችሁታል። ነገር ግን አዳኝ አሞራዎችን ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። እስቲ ጭራዋን እዩልኝ። መሐሉ ገባ ያለ ነው፤ ሹካ ይመስላል። የንስር ጭራ እንዲህ አይደለም። ይቺ ጭልፊት ናት። ከቄራ ጀርባ ስታንዣብብ የምትውለው፣ ከሕፃን እጅ ዳቦ የምትነጥቀው ጭልፊት።

ሥዕሉን የመረጡት ክቡር ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መሆናቸውን ሰምቻለሁ። አልገረመኝም።

ሳቁ እንጂ። መሳቅ የምትችሉት አሁን ነው።

ባለቤቴ አልመጣችም። ጠዋት ሸሚዜን ተኩሳ ስትሰጠኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ልትናገር ነው?» አለችኝ። «ምስጋና» አልኳት። «ምስጋና የሚናገር ሰው እንዲህ ጥርሱን አያፋጭም» አለች። ከዚያ አንገትጌዬን አስተካከለችና፣ «እኔ እዛ ሰውዬ ፊት አልቀመጥም። የእኔንም ድርሻ ተናገርልኝ» ብላ ሸኘችኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ለሁለት ሰው ነው። ትንሽ ከረዘመ ታገሱኝ።

ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት ይቀረኝ ነበር፤ በገዛ ፈቃዴ ነው የምሄደው። ለምን? በአንድ ወረቀት ምክንያት። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። የተጻፈው ግን ውሸት ነው። ዛሬ ከዚህ ሕንፃ የምወጣው ስሜን ይዤ ነው ወይስ እዚያ ውሸት ሥር ጥዬው? ጉዳዩ ይኸው ነው።

ከሒሳብ ክፍልና ከጥበቃ የመጣችሁም ስላላችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር። የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋ ምሰሶዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ከመወሰኑ በፊት የእኛ ቢሮ ሰው ይልካል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ገደሉን በቴሌስኮፕ እየቃኘሁ የትኛው አሞራ የት ጎጆ እንደሠራ እመዘግባለሁ። ሰው ሁሉ አሞራ በቀለሙ የሚለይ ይመስለዋል። ቀለም ያታልላል፤ ፀሐይ ከጀርባው ከሆነች ነጩም ጥቁር ነው። እኛ የምናየው አያያዙን ነው። ሲንሳፈፍ ክንፉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል ወይስ ወደ ላይ ያነሳዋል? ሲዞር ጭራውን እንደ መሪ ይጠመዝዛል? ይህን ሁሉ አይቼ ካልለየሁት «አላወቅሁትም» ብዬ እጽፋለሁ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አራት ሺህ ጊዜ ያህል «አላወቅሁትም» ብዬ ጽፌአለሁ። በዚህ ቢሮ ውስጥ ይህን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም።

መስመሩ በሚያልፍበት ሸለቆ ሁለት ገደሎች አሉ። በመጀመሪያው ገደል ላይ የጥቁር ንስር ጎጆ ነበር፤ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ሰፊ ጎጆ። አምና ከሹፌራችን ጋር ሄድን። ሹፌራችን ማለት ዝምታ የምትሉት ነው፤ ያው በሩ ጋ የቆመው፣ ወንበር ሲሰጡት እምቢ ያለው። ቴሌስኮፑን ሰጠሁትና ጎንበስ ብሎ አየ።

«ጋሼ፣ ቅጠሉ እርጥብ ነው» አለኝ።

«የቱ ቅጠል?»

«ጎጆው ጠርዝ ላይ ያለው። ዛሬ የተቀነጠሰ ነው። ባዶ ቤት ውስጥ አልጋ የሚያነጥፍ ማን ነው?»

ንስሮች እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ በለምለም ቅርንጫፍ ያነጥፉታል፤ ሲደርቅ ሌላ ያመጣሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትን ነገር ዝምታ በአምስት ደቂቃ አየው። ወረቀቴ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጎጆው በሥራ ላይ ነው። ትኩስ ቅጠል። ከሥሩ ትኩስ ኩስ። መስመሩ አራት ኪሎ ሜትር ይራቅ።»

መስመሩ አራት ኪሎ ሜትር ከራቀ የምረቃው ቀን በሁለት ወር ይገፋል። የምረቃውን ቀን ቃል ገብተው የነበሩት ማን ናቸው? ፊት ለፊቴ የተቀመጡት።

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጁ ገደሉን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። በሦስት መኪና። ወርደው ወደ ገደሉ ዞሩና አጨበጨቡ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ምንም የተነሳ ነገር የለም።

«ባዶ ነው» አሉ።

«ጌታዬ፣ እንቁላል የታቀፈች ንስር በጭብጨባ አትነሳም። ጫጫታ ስትሰማ ይብሱን ትለጠፋለች» አልኳቸው።

«ታዲያ የማትታይ ወፍ እንዴት አድርጌ ነው የምመዘግብልህ?»

«ትንሽ ይቀመጡ። ወንዱ ይመጣል፤ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው።»

«አንተ ወፍ ስትጠብቅ ሀገር ቁጭ ብሎ አንተን አይጠብቅም» አሉኝ። አብረዋቸው የመጡት ሳቁ። ሃያ ደቂቃ ቆይተው ሄዱ። ሰዓቱን ይዤዋለሁ፤ ሰዓት መያዝ ሥራዬ ነው። ወንዱ በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ መጣ፤ በጥፍሩ ለምለም ቅርንጫፍ ይዞ።

ከአንድ ወር በኋላ ባለቤቴ ታመመች። ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ክቡር ሥራ አስኪያጁ ብርቱካን በፌስታል ይዘው መጡ። እጄን ጨብጠው «አይዞህ ወንድሜ» አሉኝ። ወንድሜ ያሉኝ ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ከብርቱካኑ ጎን አርባ የሚያህል ወረቀት አወጡ። «እንዲያው ለወጉ ነው፣ የመስክ ወረቀትህ በኮምፒውተር ተገልብጦ ነው፤ ፈርምልኝ።»

ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ዓይኔ ከበሩ ላይ አልተነቀለም። በሃያ ሰባት ዓመት ሳላነብ የፈረምኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ወረቀት «ጎጆው ባዶ፣ የቆየ» ይላል።

ባለቤቴ ዳነች፤ ተመስገን ነው። ነገሩን በኋላ ስነግራት «እኔ ያንን ብርቱካን በልቼዋለሁ» አለች። ዛሬ ያልመጣችበት ምክንያት ይኸው ነው።

ምሰሶዎቹ ቆሙ። ዘንድሮ በመራቢያው ወቅት ሴቷ ንስር አንዱ ምሰሶ ላይ ለማረፍ ክንፏን ዘረጋች። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ያልፋል፤ ሁለቱን ሽቦዎች ባንዴ ነካች። ከምሰሶው ሥር ያነሳት ዝምታ ነው። ኮቱን አውልቆ ጠቀለላት።

ጎጆው ውስጥ የሦስት ሳምንት ጫጩት ነበረ። በዚያ ዕድሜው ሥጋ መቦጨቅ አይችልም፤ እናቱ ቆራርሳ ታጎርሰዋለች። ወንዱ ማደን እንጂ ማጉረስ አይሆንለትም። አራት ቀን ከገደሉ ማዶ ተቀምጬ አየሁ። ወንዱ ጥንቸል ያመጣል፣ ጫጩቱ ፊት ያስቀምጣል፣ ትንሽ ያየዋል፣ ሌላ ሊያመጣ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ጎጆው ውስጥ አምስት ጥንቸል ነበር። ጫጩቱ በምግብ መሐል ተኝቶ በረሃብ ሞተ።

ይህን ይዤ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ክቡር ሥራ አስኪያጁ አሥራ ዘጠነኛውን ወረቀት ከፍ አድርገው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ፊርማው የማን ነው?»

የእኔ ነበር። «የእኔ ነው» አልኩ።

እናንተስ ምን አላችሁ? ወረቀት ታገላብጡ ነበር። ባዶ ወረቀት ነበር፤ ከቆምኩበት ይታየኛል። ጥቁር ንስር ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ቀድሞ የተፈለፈለው ታናሹን እየወጋ ይገድለዋል፤ እናትየዋ አጠገባቸው ቆማ ታያለች። ለምን እንደማታገላግል ብዙ ዓመት ስጠይቅ ኖርኩ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ መጠየቁን ተውኩት።

በማግስቱ ከመስክ ተነስቼ ንብረት ክፍል ተመደብኩ። ወንበር ቆጠርኩ። አሁን የተቀመጣችሁበትን ወንበር ሁሉ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ቁጥሩ የተፋቀ አንድ ወንበር ነበር፤ እሱን «አላወቅሁትም» ብዬ መዘገብኩት። ለእሱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ።

አንዳንዶቻችሁ መጥታችሁ «ይቅር በለውና በሰላም ሂድ» ብላችሁኛል። ንስር ቂም አይዝም፤ ሚስቱ በሞተች በሳምንቱ ሌላ ፍለጋ ይወጣል። እኔ ግን ንስር አይደለሁም። ቂሜን እንደ መስክ ማስታወሻዬ ቀንና ሰዓት እየጻፍኩ ነው የያዝኩት።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ያወጡትን መመሪያ ያስታውሱታል? መዝገብ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። «የመስክ ወረቀት የሚታረመው በፈረመው ሰው እጅ፣ በቀይ ብዕር፣ ከሥራ ከመሰናበቱ በፊት ብቻ ነው። እርማቱም ወረቀቱ ለደረሳቸው ሁሉ በዚያው ቀን ይላካል።» ያወጡት እኔ የሌላውን ሰው ወረቀት እያረምኩ ስላስቸገርኩዎ ነበር። ያን ጊዜ ተቆጥቻለሁ። ተሳስቻለሁ፤ በጣም ጥሩ መመሪያ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀይ ብዕር ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«አንተ ዛሬ የምትሰናበት አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ሰው በስንብቱ ቀን ኬክ ይበላል እንጂ ስምንት ቅጂ ያስነሳል?»

«ኬኩ ከሰዓት ነው» አልኳት።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ማኅተሟን አውጥታ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ እያንዳንዱን ገጽ መታችው። «እኔም ያን ቀን ወረቀት ሳገላብጥ ነበር» አለችኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ስምንቱም ፖስታ በተላላኪ እጅ፣ ያ ወረቀት ወደ ደረሳቸው ስምንት ቢሮዎች ወጥቷል።

እርማቱ ውስጥ ምን አለ? የቅጠሉ ፎቶግራፍ ከነቀኑ አለ። የዝምታ ቃል ከነፊርማው አለ፤ ዝምታ ያላችሁት ሰው ሦስት ገጽ ተናግሯል። የንስሯ በድን የት እንዳለም ተጽፏል፤ ምድር ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት፣ ክንፎቿ ላይ ያለው ቃጠሎ እንዳለ ነው። ጠዋት የውሃ ጠርሙስ ሊያስገባ ከፍቶት የጮኸው ባልደረባችን ይቅርታ ያድርግልኝ።

ከሁሉም በላይ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሳላነብ ፈርሜአለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። በቀሌን ከራሴ ነው የጀመርኩት። ራሱን የሚያስመልጥ ሰው ሌላውን ሊይዝ አይችልም። ከዚያ ሥር «ጎጆውን የተመለከቱ ሰዎች» የሚል ቦታ አለ። ሦስት ስም ጻፍኩበት። የእኔ፣ ሁለት ዓመት። የዝምታ፣ ሁለት ዓመት። የእርስዎ ጌታዬ፣ ሃያ ደቂቃ።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ኬኬን በልቼ እሄድ ነበር። ነገር ግን የመስመሩ ሁለተኛ ክፍል በመጪው ወር ይጀመራል፤ የሚያልፈውም በሁለተኛው ገደል ሥር ነው። ወንዱ ንስር እዚያ አዲስ ሚስት አግብቶ ጎጆ ጀምሯል። የዚያ ገደል ወረቀትም «ባዶ» ተብሎ ተጽፎ አልቋል፤ የጎደለው ፈራሚ ብቻ ነው። ከዛሬ በኋላ ግን የሚፈርመው ሰው አሥራ ዘጠነኛውን ወረቀት አንብቦ ነው ብዕር የሚያነሳው።

ጌታዬ፣ ስልክዎ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሦስተኛ ጊዜው መሰለኝ። አያነሱትም? ግድ የለም፤ ልጨርስ ነው።

የመስክ ባልደረቦቼ፣ ፈጣሪ ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ። «አላወቅሁትም» ማለት አያሳፍራችሁ። ሳታነቡ አትፈርሙ፤ በዓለም ላይ የምትወዱት ሰው ከበሩ በስተጀርባ ተኝቶ ቢሆን እንኳ። ዝምታ ወንድሜ፣ መንገድህ የቀና ይሁን። የራሴን ቴሌስኮፕ መኪናህ ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬልሃለሁ፤ መልሼ አልቀበልህም። ወረቀት ስታገላብጡ ለነበራችሁ ሌላ ስብሰባ ይስጣችሁ፤ ያን ጊዜ ቀና በሉ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ቤታችሁ አይጉደል።

ለእርስዎም ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጥዎ። ከልቤ ነው የምመርቅዎ። የሚጠይቁዎት ስምንት ቢሮዎች ናቸው፤ ለሁሉም መልስ ለመስጠት ጊዜ ያስፈልግዎታል። አሁን ስልኩን ያንሱት፤ እኛ ዝም ብለን እንጠብቅዎታለን።