ጥርሱን ያየ አለ?

በድርቁ ዓመት ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ነን። አንድ ጨርቅ ነጋዴና አንድ በቅሎ የሚነግዱ ሽማግሌ ከጎኔ ያወጋሉ።

«ሰሙ ወይ አባባ? መንግሥት ወታደር የሚጭን ትልቅ አውሮፕላን ገዛ አለ ሬዲዮው።»

«ማሻ አላህ! ጥርሱን ያየ አለ?»

«የምን ጥርስ? ብረት እኮ ነው!»

«እኔ በቅሎ ስገዛ ጥርሷን ሳላይ፣ ጭኜ ሳልሞክራት ገንዘቤን አላወጣም። ብዙ ይጭናል?»

«ወታደሩን ከነመኪናው ነው የሚውጠው!»

«ወዴት ያደርሳል?»

«ወደ ሰሜን፣ ጦር ሜዳ።»

«ሲመለስስ ምን ይጭናል?»

«ባዶውን ነዋ የሚመለስ!»

«እንግዲያ አሞኝተዋቸዋል፤ የኔ በቅሎ እንኳ ደሴ ማር አድርሳ ጨው ሳትጭን አትመለስም።»

እኔም ከደሴ እህል አጥቼ የምመልሰውን ባዶ ስልቻ ቀስ ብዬ አጣጥፌ ተቀመጥኩበት።